ወረቀት ያለበት ሁሉ

ሃሪላል፦ እኔ የጠየቅሁህ አንድ ነገር ነው። ዶሮዋ ለማን ናት?

ኤግበርት፦ ለማንም አይደለችም!

ሃሪላል፦ ለማንም ካልሆነች አንገቷ ላይ ወረቀት ምን ይሠራል?

ኤግበርት፦ አንብበው እስቲ። ምን ይላል?

ሃሪላል፦ «ዶሮ» ይላል።

ኤግበርት፦ ታዲያ?

ሃሪላል፦ ዶሮ መሆኗንማ ሳይጻፍባትም አውቃለሁ። እሷም የምታውቅ ይመስለኛል።

[ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። በጋያና ባሕር ዳርቻ እንዳሉት ቤቶች ሁሉ የኤግበርትም ቤት በረጃጅም የእንጨት ምሰሶዎች ላይ ቆሟል። ሰው የሚተኛው ፎቅ ነው፤ የሚኖረው ግን ሥር፣ ጥላው ውስጥ። ኤግበርት የጀልባ ቲኬት ቆራጭ ነው። ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነገር ሁሉ በስምንት ገጽ ታትሞ በነጻ ይታደላል ብሎ ያምናል፤ በራሪ ጽሑፍ አይቶ እጁን የሰበሰበበት ቀን የለም። ስለ ንብ እርባታ ያነበበ ጊዜ ንቦቹ ተሰደዱ። ስለ ጉድጓድ ቁፋሮ ያነበበ ጊዜ ጎረቤት ቤት ውሃ ገባ። ሰሞኑን ያነበበው ደግሞ «ልጅዎ የቃላትን አጻጻፍ በቤትዎ እንዲያሻሽል» የሚል ነው። ስለዚህ በግቢው የሚንቀሳቀስም የማይንቀሳቀስም ነገር ሁሉ ስሙ በእንግሊዝኛ በትልልቅ ፊደል ተጽፎ ተለጥፎበታል። በገዛ ደረቱ ላይ እንኳ «አባት» የሚል ወረቀት በመርፌ ቁልፍ ተይዟል፤ የቤቱ ሰው ድንገት እንዳይጠራጠር ይሆናል። ጎረቤቱ ሃሪላል ባለ አህያ ጋሪ ነው። ጋሪውን ከደጁ ባለው ቦይ ድልድይ አሻግሮ አቁሞ፣ ባርኔጣውን በእጁ እያሽከረከረ ቆሟል። በኤግበርት ግምት፣ ከሰውየውና ከአህያው ለማስተማር የሚቀለው አህያው ነው።]

ኤግበርት፦ ሃሪ፣ ስማኝ። ወረቀቱ ለስጦታ አይደለም። ለትምህርት ነው።

ሃሪላል፦ ዶሮዋ ልትማር ነው?

ኤግበርት፦ ኦዴሳ ናት እንጂ! ልጄ! ነገ ርእሰ መምህሩ ፊት ቆማ ቃላት ትዘረዝራለች። የቤት ዕቃ ስም በሙሉ፣ ፊደል በፊደል! ካለፈች ዋና ከተማው ጆርጅታውን ሄዳ መንደራችንን ወክላ ትወዳደራለች። ካላለፈች...

ሃሪላል፦ ካላለፈች?

ኤግበርት፦ ካላለፈች ዩላሊ «ትምህርት ቤትህ ይዘጋል» ብላኛለች። የገዛ ሚስቴ! ልጄን ከእጄ ነጥቃ፣ እንደ ማንም ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ለአስጠኚ ልትሰጣት! እኔን የሚያህል አባት ቁጭ ብሎ!

ሃሪላል፦ (በሐዘኔታ ራሱን እየነቀነቀ) አይ አንተ። ታዲያ መቼ ነው የምትሄዱት?

ኤግበርት፦ የት?

ሃሪላል፦ ኒው ዮርክ ነዋ። ወይስ ቶሮንቶ ነው? ባለቤቴ «ቶሮንቶ ናቸው» ትላለች፤ እኔ ግን ብርዱን አይችለውም ብያታለሁ።

ኤግበርት፦ ማን ነው ቶሮንቶ የሚሄደው?

ሃሪላል፦ ተወኝ እንጂ ጎረቤት። በዚህ መንደር ዕቃው ላይ «ይሄ ለእገሌ» የሚል ወረቀት ለጥፎ ያልሄደ ማን አለ? ሰዓት ሠሪው ዊንስሎ ለጠፈ፤ «ምነው?» ብንለው «ቤት ላስቀባ ነው» አለ። በማግስቱ ቤቱ ባዶ፣ እሱ ሰማይ ላይ። ነርሷ ለጠፈች፤ «አይጥ በዝቶብኝ ነው» አለች። ይኸው አይጡ እዚህ፣ እሷ ብሩክሊን።

ኤግበርት፦ እኔ የትም አልሄድም!

ሃሪላል፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) እነሱም እንዲሁ ነበር ያሉት። የሚሄድ ሰው መቼ «እሄዳለሁ» ይላል? የሰው ዓይን አለ።

ኤግበርት፦ እሺ፣ የማይሄድ ሰው ምን ይበል?

ሃሪላል፦ «አልሄድም» ይበል።

ኤግበርት፦ እኔስ ምን አልኩህ?

ሃሪላል፦ «አልሄድም» ነው ያልከው። ግን ልክ እንደሚሄድ ሰው ነው ያልከው።

ኤግበርት፦ እግዚኦ!

ሃሪላል፦ በል አትቆጣ። እኔ ለራሴ አይደለም፤ መንደሩ ነው በአፉ ዕቃህን የተከፋፈለው። ፀጉር ቆራጩ መስታወቱን ይዟል። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ድስቶቹን ይዛለች። ቄሱ አልጋውን ፈልገው ነበር፤ «ለቄስ ይሰፋል» ተብሎ ቀረ።

ኤግበርት፦ ማንም ምንም አልያዘም! ወረቀት ያየ ሁሉ ስለ አውሮፕላን ያስባል? ወረቀት አይተህ «ይሄ ሰው ልጁን እያስተማረ ነው» ማለት ምን ያቅትሃል?

ሃሪላል፦ እንዲህ ሲያስተምር አይቼ አላውቅማ። ደግሞ ሰው ሞቶባችሁም እንደሆን ብዬ አስቤ ነበር። ሲሞትም ይለጠፋል፤ ወራሾች እንዳይጣሉ።

ኤግበርት፦ ማንም አልሞተም!

ሃሪላል፦ እግዜር ይመስገን። በቃ ጉዞ ነው።

[ኤግበርት ዓይኑን ወደ ላይ ሰቀለ። ከሞኝ ጋር መከራከር ለጨጓራ መጥፎ መሆኑን የሚያስረዳ በራሪ ጽሑፍ አንድ ጊዜ ክሊኒክ አግኝቶ ነበር። ከሁለቱ ሞኙ የትኛው እንደሆነ እንዴት እንደሚለይ የሚናገረው ገጽ ግን አስቀድሞ ተገንጥሎ ነበር፤ እሱም አልፈለገውም፤ ለእኔ ምን ያደርግልኛል ብሎ።]

ኤግበርት፦ እሺ ቁጭ በል፣ ከሥሩ ላስረዳህ። ኧረ ቆይ! ምን ላይ ልትቀመጥ ነው?

ሃሪላል፦ ወንበር ላይ።

ኤግበርት፦ ዘርዝረው።

ሃሪላል፦ ምኑን?

ኤግበርት፦ ወንበርን! በዚህ ግቢ ስሙን ፊደል በፊደል ያልዘረዘረ ሰው ዕቃውን አይነካም። ሕጉ ነው።

ሃሪላል፦ (ቀጥ ብሎ እየቆመ) ግድ የለም። ለካ አልደከመኝም።

ኤግበርት፦ አየህ፣ ዘዴው ይኸው ነው። ልጅቷን ውሃ ጠማት እንበል። ፍሪጁ ጋ ትሄዳለች። ከመክፈቷ በፊት ዓይኗን ጨፍና ስሙን ትዘረዝራለች። አንድ ፊደል ከሳተች ተመልሳ ከግቢው በር ትጀምራለች።

ሃሪላል፦ ውሃውስ?

ኤግበርት፦ ይጠብቃታላ። ውሃ የት ይሄዳል?

ሃሪላል፦ ሽንት ቤቱ ላይም ወረቀት አለ?

ኤግበርት፦ እንዴታ! በሰፊው ከሚጠራበት ስም ይልቅ ረጅሙን መርጬ ነው የጻፍኩበት። ቸኩላ እንድታስብ።

ሃሪላል፦ (ለአህያው) ሰማህ? ለካ ለዚህ ነው እኛ ጓሮ በሩጫ የምትገባው።

ኤግበርት፦ ምን አልክ?

ሃሪላል፦ አህያውን ነው። እህት ዩላሊም ትዘረዝራለች?

ኤግበርት፦ እናት አርአያ ናት። እሑድ ድስቱን ልትከፍት «ክዳን» ላይ ተሳሳተች፤ ሩዙ ጥሬውን ቀረ።

ሃሪላል፦ ታዲያ ምን በላችሁ?

ኤግበርት፦ እነሱን እንጃ። እኔ ዳቦውን በላሁ።

ሃሪላል፦ «ዳቦ»ን ዘርዝረህ?

ኤግበርት፦ እኔ ፈታኝ ነኝ። ፈታኝ ይፈተናል?

ሃሪላል፦ አይፈተንም። ይጠግባል።

ኤግበርት፦ (ያልሰማ መስሎ) ይህን ሳምንት ከትምህርት ቤትም አስቀርቻታለሁ። መምህራኑ ያደናግሯታል።

ሃሪላል፦ (ሳል ያዘው) ቀርታለች? ደንብ ልብሷን ለብሳ... ማለቴ፣ ደንብ ልብሷ እንዴት አማረባት ልልህ ነበር። አምና።

ኤግበርት፦ ሳልህን ታከመው። ለሳል የተጻፈ አለኝ፣ ኋላ አስታውሰኝ።

ሃሪላል፦ እኔ ግን ያልገባኝ ነገር አለ። ቃል እንደሚሰማው አይደለም እንዴ የሚጻፈው?

ኤግበርት፦ (በርኅራኄ ፈገግ ብሎ) አይ ሃሪ! አንተ የዋህ! በየቃሉ መሃል ድምፅ የሌላት ፊደል አለች። ትጻፋለች፣ ቦታ ትይዛለች፣ ግን አትነበብም።

ሃሪላል፦ ታዲያ ምን ትሠራለች?

ኤግበርት፦ ምንም። መኖሯ ግን ግዴታ ነው።

ሃሪላል፦ እንደ መንደር ምክር ቤቱ ሰዎች።

ኤግበርት፦ እ... በግምት።

ሃሪላል፦ ብትወጣስ?

ኤግበርት፦ ቃሉ ይበላሻላ!

ሃሪላል፦ እነሱም ምርጫ ሲደርስ እንዲሁ ነው የሚሉን።

ኤግበርት፦ ፖለቲካውን ተወውና ውጤቱን በጆሮህ ስማ። (አንገቱን ወደ ፎቁ መስኮት አንጋጦ) ኦዴሳ! «ቁምሳጥን»! መሃል ላይ ያለችውን ድምፅ አልባ ፊደል እንዳትዘያት! ገባሽ?

ድምፅ፦ (ከፎቅ፣ ቀጠን ብሎ) ገባኝ አባዬ!

ኤግበርት፦ ሰማህ? እስከ ቅዳሜ ድረስ በየቃሉ ታለቅስብኝ ነበር። ከእሑድ ወዲህ እንባ የለ፣ ክርክር የለ፣ «ውሃ ጠማኝ» የለ። አንድ መልስ ብቻ፦ «ገባኝ አባዬ»!

ሃሪላል፦ (ወደ መስኮቱ፣ ከዚያ ወደ ጫማው እያየ) ወጥተህ አላየሃትም?

ኤግበርት፦ ገጽ ሦስት! «በልጅዎ ራስ ላይ አይቁሙ» ይላል። ዩላሊም «እውነት ብለሃል፤ ከታች ሆነህ ጥራላት፣ ወደ ላይ ድርሽ አትበል» አለችኝ። ከተጋባን ወዲህ የተስማማንበት የመጀመሪያው ገጽ ነው።

ሃሪላል፦ መኝታህስ?

ኤግበርት፦ እዚሁ፣ ምሰሶው ላይ የታሰረው የገመድ አልጋ ላይ። ያለ መሥዋዕትነት ትምህርት አለ?

[ሃሪላል ግንባሩን ያሸት ጀመር። አንድ ነገር ተልኮ መልእክቱ የጠፋበት ልጅ ይመስላል። ኤግበርት ይህን ሲያይ፣ አእምሮ ሲሠራ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅበት ታዘበና በልቡ ሳቀ።]

ሃሪላል፦ እ... እንግዲያው ጎረቤት... ካልሄዳችሁ... ምን ነበር... አዎ! ካልሄዳችሁ ዘዴውን አስተምረኝ።

ኤግበርት፦ ምን አልክ?

ሃሪላል፦ ዘዴውን። ለልጆቼ። እኛ ቤት እንደሆነ ዕቃ የለም፤ ያለውም ስሙ አልተጻፈበትም።

[ኤግበርት በዕድሜው ያልጠየቁትን ብዙ ሰው አስተምሯል። ጠይቆት የተማረ ግን አልነበረም። ደረቱ ተነፋ፤ «አባት» የሚለው ወረቀትም አብሮ ተነፋ።]

ኤግበርት፦ ሃሪ! ተሳስቼብህ ነበር። አንተም ለካ ሰው ነህ!

ሃሪላል፦ አልፎ አልፎ።

ኤግበርት፦ ከወንበሩ ጀምር። ውሰደው!

ሃሪላል፦ ወረቀቱን?

ኤግበርት፦ ወረቀቱን ብቻ ምን ይረባሃል? ገጽ አራት! «ልጁ ቃሉን ከነነገሩ ይየው።» ከነወንበሩ ነው እንጂ!

ሃሪላል፦ እስከ መቼ?

ኤግበርት፦ ልጅህ ጭንቅላት ውስጥ እስኪገባ።

ሃሪላል፦ የልጄ ጭንቅላት በእኔ ነው የወጣው። ይቆያል።

ኤግበርት፦ ይቆይ!

ሃሪላል፦ በኋላ «መልስልኝ» ብለህ በር አትደበድብም?

ኤግበርት፦ ያስተማረውን መልሱልኝ ያለ መምህር አይተህ ታውቃለህ?

ሃሪላል፦ (ወንበሩን ወደ ጋሪው እየወሰደ) ፍሪጁስ?

ኤግበርት፦ ቀስ እንጂ! ከወንበር ተነሥቶ ፍሪጅ ላይ ይወጣል?

ሃሪላል፦ ከባዱን መጀመሪያ ከጫኑ... ማለቴ፣ ከባዱን መጀመሪያ ካወቁ፣ ቀላሉ አይቸግርም ብዬ ነው።

ኤግበርት፦ (በድንጋጤ) ይሄ ገጽ አምስት ላይ አለ! እንዳለ! ከየት አመጣኸው?

ሃሪላል፦ ከጋሪ ሥራ።

ኤግበርት፦ ና ያዝ በዚያ በኩል። በጉልበትህ አንሣ፣ በወገብህ እንዳታነሣ፤ ስለ ወገብም ያነበብኩት አለ።

[ፍሪጁ ተነሣ። ኤግበርት ከሥር ተሸክሞታል፤ ሃሪላል ከላይ፣ ወረቀቱ እንዳይነቀል ይዞለታል።]

ሃሪላል፦ ወደ ግራ! አዎ! በርታ መምህር!

ኤግበርት፦ (እያለከለከ) «መምህር» አልክ? ድገመው እስቲ።

ሃሪላል፦ መምህር። አሁን ደግሞ ወደ ላይ፣ መምህር።

ኤግበርት፦ ቆይ... ይሄ ገመድ፣ ይሄ ሸራ፣ ይሄ ሁሉ የተነጠፈ ጭድ... ጎረቤት ለመጠየቅ እንዲህ ተሰናድተህ ነው የምትመጣው?

ሃሪላል፦ ሰው ለትምህርት ተዘጋጅቶ ነው እንጂ እንዲሁ ይመጣል?

ኤግበርት፦ (ዓይኑ እንባ ሊያቀርር ምንም አልቀረው) ርእሰ መምህሩ ይህን ቢሰማ! እኔን «ልጅቷን ተዋት» የሚለኝ ሰው! ቀጥል፣ ምን ቀረህ?

ሃሪላል፦ ምን ነበር ያለችኝ... ማለቴ፣ ምን ነበር ያሰብኩት... አዎ! የስፌት መኪናው።

ኤግበርት፦ የዩላሊ? እሱን ከገበያ ስትመለስ ብትፈልገውስ?

ሃሪላል፦ ከፈለገችው እኛ ቤት ታገኘዋለች።

ኤግበርት፦ ልክ ነህ፤ ጎረቤት ነን። ውሰድ! ከድስቶቹም ውሰድ። ክዳኑን እንዳትረሳ፤ ከባዱ ቃል እሱ ነው። ለመርሳትህ ደግሞ ዓሣ ብላ፤ ዓሣ ለማስታወስ ጥሩ መሆኑን የሚገልጽ ነበረኝ፤ የት እንዳስቀመጥኩት ጠፋኝ እንጂ።

ሃሪላል፦ መስታወቱስ?

ኤግበርት፦ ፀጉር ቆራጩ ከሚወስደው አንተ ውሰደው።

ሃሪላል፦ ፎቅ ያለው ፍራሽ ላይም ወረቀት አለ አይደል?

ኤግበርት፦ አለ። ግን ስትወጣ በእግር ጣትህ! ልጅቷ በጥናት ላይ ናት።

[ሃሪላል ጫማውን አውልቆ ወጣ። ቆየ። ፍራሽ በራሱ ላይ አድርጎ ወረደ።]

ኤግበርት፦ አላቋረጥካትም?

ሃሪላል፦ ቃል አልተነፈሰችም።

ኤግበርት፦ ፍራሹን ስትወስድስ?

ሃሪላል፦ አንገቷን ጠምዘዝ አድርጋ አየችኝ።

ኤግበርት፦ ተመስጦ ይሏል ይሄ ነው! እኔን በልጅነቴ ፍራሽ ከሥሬ ቢወስዱብኝ ቤቱን በለቅሶ አናውጠው ነበር። ወደፊት ስለዚህ ዘዴ ራሴ አንድ ጽሑፍ ሳላሳትም አልቀርም። ስምህንም ከመጨረሻው ገጽ ላይ አስገባልሃለሁ።

ሃሪላል፦ ከነድምፅ ነው ወይስ ድምፅ አልባ?

ኤግበርት፦ (እየሳቀ) ተምረሃል! እንዴት ቶሎ ተማርክ አንተ! ዩላሊ ከገበያ ስትመለስ ይህን ብነግራት በእኔ ትኮራለች።

ሃሪላል፦ ታውቃለች።

ኤግበርት፦ ምኑን?

ሃሪላል፦ ማለቴ... ታውቅሃለች። በል አሁን ተነሣልኝ።

ኤግበርት፦ ከየት?

ሃሪላል፦ ከገመድ አልጋው። ወረቀት አለበት።

ኤግበርት፦ (ተነሥቶ ራሱ ቋጠሮውን እየፈታ) ይሄን ቃል እንኳ ልጅህ ቶሎ አይወጣውም። እኔ ራሴ ስጽፈው ሁለቴ አስቤያለሁ።

[የገመድ አልጋው ተጠቀለለ። ግቢው ውስጥ ምሰሶዎቹ፣ ዶሮዋና ኤግበርት ቀሩ። ምሰሶዎቹ ላይ ወረቀት አልነበረም፤ ማለቁ ነው መሰለኝ። ኤግበርት ግንባሩን ጠረገ፤ የሚቀመጥበት ፈለገ፤ አጣ። ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ ብልጭ አለለት፤ እንደ ልማዱ ዘግይቶ።]

ኤግበርት፦ ቆይ! ቆይ እስቲ ሃሪ! ነገ ፈተና አለ። ኦዴሳ ምኑን እያየች ልትከልስ ነው?

ሃሪላል፦ (ወደ ፎቅ ደረጃው እየሄደ) አታስብ፣ ዕቃው አያመልጣትም። አንዲት ነገር ቀርታኛለች፤ ላምጣት።

ኤግበርት፦ ኧረ ባክህ! እንግዲህ በቃሏ ነው። (አንጋጦ፣ በሙሉ ድምፁ) ኦዴሳ! ዕቃው ለበጎ ዓላማ ሄዷል! ያላየሽውን እንዳየሽ አድርገሽ ዘርዝሪ! ገባሽ?

ድምፅ፦ ገባኝ አባዬ!

[ድምፁ የመጣው ከመስኮቱ አይደለም። ከደረጃው ነው። ሃሪላል በጨርቅ የተሸፈነ ነገር አንጠልጥሎ ይወርዳል። ኤግበርት መስኮቱን አየ፤ ጨርቁን አየ፤ መስኮቱን ደግሞ አየ። ጨርቁን ገለጠው። አንዲት አረንጓዴ በቀቀን የሽቦ ቤቷ ውስጥ ሆና አንገቷን ጠምዘዝ አድርጋ ትመለከተዋለች። በሽቦው ላይ በራሱ እጅ ጽሕፈት «በቀቀን» ይላል።]

ኤግበርት፦ ይሄ... ይሄ ምንድን ነው?

ሃሪላል፦ ልዘርዝርልህ?

ኤግበርት፦ ልጄ የት ናት?

ሃሪላል፦ እኛ ቤት።

ኤግበርት፦ ከመቼ ጀምሮ?

ሃሪላል፦ ከእሑድ።

ኤግበርት፦ ከእሑድ! ታዲያ እኔ ይህን ሁሉ ቀን ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ሳስተምር የሰነበትኩት ማንን ነው?

ሃሪላል፦ (የሽቦውን ቤት ከፍ አድርጎ) እሷ ቅሬታ የላትም።

ኤግበርት፦ አትቀልድብኝ! ልጄን ማን ወሰዳት?

ሃሪላል፦ ማንም። በእግሯ መጣች። ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት በራችን ላይ ቆማ «ውሃ ትሰጡኛላችሁ?» አለች። ባለቤቴ ሰጠቻት። ጠጥታ ስትጨርስ ብርጭቆውን አየችው አየችውና፣ ማንም ሳይጠይቃት ዘረዘረችው። ልጆቼ ሳቁ፤ እሷም ሳቀች። ማታ የሮቲ ቂጣ እየበላች መጥበሻውን፣ ማንኪያውን፣ ሁሉን አወረደችው። ይኸው ከሰኞ ጀምሮ ከልጆቼ ጋር ትምህርት ቤት ውላ ትመጣለች።

ኤግበርት፦ (ዝግ ባለ ድምፅ) ሳትሳሳት?

ሃሪላል፦ ሳትሳሳት።

ኤግበርት፦ «ክዳን»ንም?

ሃሪላል፦ «ክዳን»ንማ ለእኔም አስተማረችኝ።

ኤግበርት፦ ታዲያ እዚህ ለምን ነበር የምታለቅሰው?

ሃሪላል፦ እዚህማ ጠምቷት ነበር።

[ኤግበርት ለዚህ የሚሆን ገጽ ፈለገ፤ ስምንቱንም በሐሳቡ ገለጠ፤ አልነበረም።  ስለዚህ ወደ ጋሪው ዞረ።]

ኤግበርት፦ ዕቃውንስ? ዕቃዬን ማን አዘዘህ?

ሃሪላል፦ እህት ዩላሊ። ዛሬ እሷም እኛ ጋ ገብታለች። «ነገ የሚጠየቀው የቤት ዕቃ ነው፤ ልጅቷ በእጇ እየዳሰሰች አንዴ በሰላም ትከልሰው። ወረቀት ያለበትን ሁሉ አምጣ» አለችኝ። እኔን ታውቀኛለህ፣ ሦስት ነገር ከተላክሁ ሁለቱን እረሳለሁ። ወረቀት ባትለጥፍበት ኖሮ ግማሹ ቀርቶ ነበር። እግዜር ይስጥልኝ።

ኤግበርት፦ ኒው ዮርኩስ? ቶሮንቶውስ? እንደ ጅል «መቼ ትሄዳላችሁ» ስትለኝ የነበረው?

ሃሪላል፦ አንተን ማን ቪዛ ይሰጥሃል ጎረቤት? እሱም የእህት ዩላሊ ምክር ነው። «መጀመሪያ ስለ ጉዞ አንሣበት፤ ክርክር ካገኘ ቤቱ ቢቃጠል አያይም» አለች። «በዚህ ካልሆነ ደግሞ ዘዴውን አስተምረኝ በለው» አለች።

ኤግበርት፦ ከዚያስ?

ሃሪላል፦ «ራሱ ይጭንልሃል።»

[ሃሪላል በቀቀኗን ከፍሪጁ ጎን አመቻችቶ አሰረ። ተመልሶ ዶሮዋን ከምሰሶ ሥር አነሣና በብብቱ ያዘ።]

ሃሪላል፦ የእሷን ነገር ብቻ ሳልጠይቅ ወጥቼ ነበር። የቤት ዕቃ ትሁን የግቢ እንስሳ አልታወቀኝም። ለዚያ ነው ስመጣ «ለማን ናት?» ያልኩህ፤ አንተ ደግሞ «ለማንም» አልክ። እንግዲህ ልውሰዳት። በል ደህና ዋል። «ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል በለው» ብላለች። ረስቼው ነበር፤ ይኸው አስታወስኩ፣ ዓሣም ሳልበላ።

ኤግበርት፦ ሃሪ! ሃሪ፣ ቆይ! እኔስ? (ደረቱን እየደቃ) እኔም እኮ ወረቀት አለብኝ!

ሃሪላል፦ (ጋሪው ላይ ወጥቶ ልጓሙን እየያዘ) ጠይቄያታለሁ።

ኤግበርት፦ ምን አለች?

ሃሪላል፦ «እሱ ፈተና ላይ አይመጣም» አለች።

[ጋሪው በድልድዩ ላይ እየተንቋቋ አለፈ። ከባሕሩ በኩል ነፋስ መጣና ኤግበርት ደረት ላይ ያለውን ወረቀት ገለበጠው። ኤግበርት በመዳፉ መልሶ አስተካከለው። ከዚያ እስከ ቦዩ ጠርዝ ሮጠ።]

ኤግበርት፦ (እየጮኸ) ብታልፍ በእኔ ዘዴ ነው! ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ! ዘዴው የኔ መሆኑን ለሁሉም ተናገር! ገባህ?

ድምፅ፦ (ከጋሪው ላይ፣ ከፍሪጁና ከዶሮዋ መሃል) ገባኝ አባዬ!